በእርሳስ የተሰመረባቸው ገጾች

ጥቅምት 8

ይድረስ ለፌንጣ እናት፣

እኛ ደህና ነን። ፌንጣ የፊት ጥርሷ ወልቆ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ነበር፤ አሁን ግን ክፍተቱን ለሰው ሁሉ ማሳየት ሥራዋ ሆኗል። እህቴ ጉልበቷን ታማርራለች፣ እኔንም ታማርራለች፣ ቤቱን ግን ቀጥ አድርጋ ይዛዋለች። አንቺስ? አዲሱ ሆስፒታል ተስማማሽ ወይ?

ስድስት ሳምንት ሙሉ ድምፄን በማጥፋቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሃያ ሰው ተሰልፎ እየሰማ በሆስፒታሉ ስልክ ከማውራት ደብዳቤ ይሻላል ያልሽው ልክ ነበር፤ ችግሩ እኔ ደብዳቤ ጽፌ አለማወቄ ነው። የመጻሕፍቱን ካርቶን አልጋ ሥር ትተሽ «እነዚህን አንብብና የተሰማህን ጻፍልኝ፣ ወሬም አይጠፋህም» ስትዪኝ እሺ ያልኩት አውቶቡሱ እንዳያመልጥሽ ብዬ ነው። ባለፈው እሑድ ግን ሥራ ፈታሁና አንዱን ጎተትኩ።

ጥቁር ሽፋን ያለው የወንጀል ታሪክ ነው፤ ሰው ሁሉ ሲቀባበለው የከረመው። ምን እዋሻለሁ፣ ወዲያው ያዘኝ፤ ምሳዬን እስክረሳ ድረስ። ነገር ግን ሟቹ ከደረጃ ሲወድቅ የእጅ ሰዓቱ ዘጠኝ ከሃያ ላይ ቀጥ አለና መርማሪው በዚያ ገዳዩን ያዘው። እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ሳቅሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሰዓት ስፈታና ስገጥም ፖሊስን ለመርዳት ብሎ የቆመ ሰዓት አላየሁም። አብዛኛው ሰዓት ወድቆም ይሄዳል፤ የሚቆመው ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ፣ ባለቤቱ መውደቁን ከረሳው በኋላ ነው። ደራሲው አንድ ሰዓት ሠሪ ቢጠይቅ ምን ነበረበት?

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ገጽ 112 ላይ በእርሳስ አስምረሻል። መርማሪው ለሚስቱ ደውሎ ከዘጋ በኋላ ሴትየዋ «ድምፁን ሰማሁት፤ እሱን ግን አላገኘሁትም» የምትለው ላይ። ከግድያው ጋር ምንም አያገናኘውም። በሥራ ማጉያዬ አየሁት። ሁለት ጊዜ ነው የተሰመረው፤ መጀመሪያ በስሱ፣ ቀጥሎ ተጭኖ። ለምንድን ነው ያሰመርሽበት?

ባለቤትሽ


ጥቅምት 23

ለባለ ማጉያው፣

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የደነገጥኩት ሰው የሞተ መስሎኝ ነው፤ አንተ ጽፈህ አታውቅማ። ከዚያ ስለ ሰዓቱ ያልከውን ለሥራ ባልደረባዬ ሳነብላት ሁለታችንም በሳቅ ሞትን። እሷ መጽሐፉን አንብባዋለች፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ባሏን ስትጠረጥር ነበር አሉ።

ደህና ነኝ። ማዋለጃ ክፍላችን ሁለት አልጋ ነው፤ ሦስተኛ እናት ስትመጣ አግዳሚ ወንበር ላይ ትጠብቃለች። አዋላጆቹ እኔና ባልደረባዬ ብቻ ነን፤ አንዳችን እጃችንን ስንታጠብ ሌላችን ጓንት እናጠልቃለን። የምኖርበት ክፍል አልጋ፣ ጠረጴዛና የማይዘጋ መስኮት አለው። ፌንጣን ጥርሷ በወለቀበት በኩል ሳምልኝ። ለእህትህ የጉልበት ቅባት በሚመጣ ሰው እልካለሁ፤ ሳታማርር እንድትቀባው ንገራት።

ስለ መስመሩ የጠየቅኸኝን አይቻለሁ። አንተ ምን ይመስልሃል? ለምን የተሰመረበት ይመስልሃል?

አንድ ነገር ደግሞ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው እኔው ልንገርህ። የነርሶቹ ኃላፊ የስድስት ወር ውሌ ሲያልቅ ለሁለት ዓመት እንድፈርም ጠይቃኛለች። እስከ የካቲት 30 መልስ መስጠት አለብኝ። ቅጹ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ገና ምንም አላልኩም፤ አንተም ቸኩለህ ምንም አትበል።

ያንተው


ኅዳር 5

ይድረስ ለፌንጣ እናት፣

ቸኩለህ ምንም አትበል ስላልሽ ደብዳቤሽን ኪሴ ውስጥ ይዤ ሰነበትኩ። ሁለት ዓመት ማለት ዘጠኝ ዓመት የሆናት ፌንጣ አሥራ አንድ ሞልቷት ነው የምታገኚያት ማለት ነው። ለእሷ አልነገርኳትም። ለእህቴም አልነገርኳትም፤ እሷ ግን ፊቴን አይታ የሆነ ነገር እንዳለ ጠርጥራለች።

ሁለተኛውን መጽሐፍ ጨረስኩ፤ ሽፋኑ ላይ ቀይ ጫማ ያለበትን የፍቅር ታሪክ። አናደደኝ፤ ግን አላስቀምጥ አለኝ። ዶክተሩ ለምንድን ነው በየምዕራፉ ዝናብ ላይ የሚቆመው? ጃንጥላ መግዛት ያቃተው ዶክተር አለ? ልጅቱስ «ሂድልኝ» ካለችው በኋላ ለምን ሄደ ብላ ሠላሳ ገጽ ሙሉ ማልቀሷ ምን ይባላል? እህቴ ሽፋኑን አይታ «ምነው በዚህ ዕድሜህ» ስላለችኝ በጋዜጣ ሸፍኜ ነው ያነበብኩት። ደንበኞቼ የሰዓት መመሪያ መስሏቸዋል።

እዚህኛው ላይ ዘጠኝ ቦታ እርሳስሽ አለ። ሁሉንም አልጽፍልሽም፤ አንቺ ታውቂያቸዋለሽ። ገጽ 67 ላይ ያለው ግን ልጅቱ ስለ ባሏ ቤት «ቤቱ ጠቦኝ አይደለም፤ አንድ ጥግ ዝምታ አጥቼበት ነው» የምትለው ነው። ይህን አንብቤ መኝታ ቤታችን ገባሁና ቆምኩ። ከጠገንኳቸው በኋላ ወደ ኋላ ይቀሩ እንደሆነ ለማየት ከሱቅ አምጥቼ የሰቀልኳቸው የደንበኛ ሰዓቶች አሥራ አራት ናቸው። በአንቺ ራስጌ በኩል ዘጠኝ፣ በእኔ በኩል አምስት። ከዚያ በፊት ቆጥሬያቸው አላውቅም። ተረኛ ሆነሽ አድረሽ ስትመጪ ጭንቅላትሽን ትራስ ሥር ትከቺው እንደነበር ትዝ አለኝ። እኔ ብርድ ይመስለኝ ነበር።

ሁሉንም አውርጄ ወደ ሱቅ ወስጃቸዋለሁ። ግድግዳው ላይ የቀሩት ሚስማሮቹ ብቻ ናቸው።

ሌላ ሰው አለ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። የምጠይቅሽ ቅጹ አሁንም ጠረጴዛሽ ላይ ነው ወይ ብቻ ነው።

ባለቤትሽ


ኅዳር 21

ለፌንጣ አባት፣

አልጠይቅሽም ብለህ የጠየቅኸኝን ልመልስልህ፤ ማንም የለም። እዚህ የማገኛቸው ወንዶች የጥበቃው ሽማግሌና የሚወለዱት ናቸው። ቅጹም ጠረጴዛዬ ላይ ነው። መስኮቱ ስለማይዘጋ ንፋስ እንዳይወስደው የመድኃኒት ጠርሙስ ጭኜበታለሁ።

ስለ ሰዓቶቹ የጻፍክበትን ገጽ መድኃኒት ክፍል ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ባልደረባዬ ምን ሆነሻል ስትለኝ ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገባ አልኳት። እሷም ሞኝ አይደለችም፣ በሩን ዘግታልኝ ወጣች። ብርድ አልነበረም።

ሌላስ ምን ላይ ተሰምሮ አገኘህ? አትዝለል፤ ሁሉንም ጻፍልኝ። ይህ ስላጠረ ይቅርታ፣ እየጠሩኝ ነው።

ያንተው


ታኅሣሥ 12

ይድረስ ለፌንጣ እናት፣

ፌንጣ ደብዳቤዎችሽን ደብቄ ስለማነብባት አኩርፋኛለች። ለእሷ ብቻ የሚሆን ጻፊላት፤ ከእኔ ጋር እስክትታረቅ ድረስ ቤቱ ውስጥ የሚያናግረኝ ሰው የለም።

ሦስተኛው መጽሐፍ በአርባ ቀን ሕይወትህን ትለውጣለህ የሚለው ነው፤ አውቶቡስ ውስጥ ከሦስት ሰው አንዱ የሚይዘው። ጸሐፊው በየገጹ «ወዳጄ» ይለኛል፤ የት እንደተዋወቅን አላውቅም። በአራተኛው ቀን መስታወት ፊት ቆመህ ለራስህ ፈገግ በል ይላል። ስሞክረው እህቴ ደረሰችብኝና ጥርሴን ያመመኝ መስሏት የሐኪም አድራሻ ሰጠችኝ። ሠላሳ ስድስት ቀን ይቀረኛል፤ አልቀጥልም። እርሳስሽም እዚህ ላይ ከሁለት ቦታ አላለፈም፤ አንቺንም እንዳልያዘሽ ገባኝ።

አራተኛው ግን አላሳቀኝም። የሁለት እህትማማቾችና የአንድ ቤት ታሪክ የሆነው፣ ያነበበው ሰው ሁሉ አለቀስኩ የሚልበት ወፍራም መጽሐፍ። ታላቂቱ እህት ዕድሜ ልኳን ለታናሿ ልትነግራት የምትፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ታናሺቱ ሁልጊዜ ሥራ ይዛለች። ገጽ 203 ላይ እርሳስሽ ያለው «ቆዪ አለችኝ፤ ቆየሁ፤ ቆይቼ ቀረሁ» በሚለው ሥር ነው። ከዚህ ማለፍ አቃተኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀን ከሥራ ቀጥታ ወደ ሱቅ መጣሽ። መጥተሽ አታውቂም ነበር። ኮትሽን እንኳ አላወለቅሽም። «አንድ ነገር ልንገርህ» አልሽኝ። እኔ ወረንጦ ላይ የፀጉር ያህል የቀጠነ ሞላ ይዤ ነበር። ቀና ሳልል ጣቴን አንስቼ «ቆዪ» አልኩሽ። ሞላውን አስገብቼ ስጨርስ ወንበሩ ባዶ ነበር። ቤት ስገባም ምን ነበር ብዬ አልጠየቅሁሽም። ስለዚያ ቀን ነው ያሰመርሽው? ምን ሆነሽ ነበር?

ሁለት ዓመት ዘግይቶ መጠየቅ እንደሚያሳፍር አውቃለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ከመፈረምሽ በፊት ግን ንገሪኝ፤ እለምንሻለሁ።

ባለቤትሽ


ታኅሣሥ 29

ለፌንጣ አባት፣

ስለጠየቅኸኝ እነግርሃለሁ። ያን ቀን ጠዋት አንዲት እናት እጄ ላይ ሞታብኝ ነበር። ሃያ ዓመቷ ነው። ልጁ ደህና ወጣ፤ ደሟ ግን አልቆም አለ። ማድረግ ያለብንን ሁሉ አደረግን። መጨረሻ ላይ እጄን ይዛ የጠየቀችኝ ጫማዋን የት እንዳስቀመጡላት ነው። እኔም አልጋው ሥር ነው አልኳት፤ እውነቱን ግን አላውቅም ነበር።

መንገዱን ሁሉ ያጠፋሁት ነገር ይኖር ይሆን እያልኩ መጣሁ። ለአንድ ሰው መናገር ነበረብኝ፤ ያ ሰው ደግሞ አንተ ነበርክ። ቆዪ አልከኝ። ትንሽ ተቀመጥኩ፣ የአንገትህን ጀርባ እያየሁ፤ ከዚያ ተነስቼ ሄድኩ። ሞላው ቢፈናጠር ኖሮ እንደማታገኘው አውቃለሁ፤ በሥራህ አልፈርድም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ልነግርህ የምፈልገውን ሁሉ በሩ ላይ ትቼው ነው የምገባው። ይኸው አሁን ነገርኩህ።

ስለ መስመሮቹ ራሱ ልነግርህ የሚገባ ነገር አለ። እስካሁን ያልነገርኩህ ፈርቼ ነው፤ ዛሬም አልቻልኩም። በሚቀጥለው እጽፍልሃለሁ። እስከዚያ አትፍረድብኝ።

ያንተው


ጥር 12

ይድረስ ለፌንጣ እናት፣

ስለዚያች እናት የጻፍሽልኝን አነበብኩ። የምለው ነገር ፈልጌ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። በመጨረሻ የማውቀውን ብቻ ልጻፍ አልኩ፤ እዚያ ወንበር ላይ እንደተቀመጥሽ አውቅ ነበር፣ ስትነሺም ሰምቻለሁ፣ ግን ቀና አላልኩም። ሥራ ስለያዝኩ አይደለም። ፊትሽን ካየሁ ምን እንደምልሽ ስለማላውቅ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ደብዳቤሽን ከተቀበልኩ ወዲህ ያልተናገርሽው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ስለ መስመሮቹ ምንድን ነው የምትነግሪኝ? ፈርሜያለሁ ልትዪኝ ነው? ከሆነ አሁኑኑ በዪኝ፤ አታስታምሚኝ።

ለመርሳት ብዬ የሰላዩን ታሪክ ጀምሬ ነበር። ሰላዩ አምስት ቋንቋ ይናገራል፣ ከባቡር ይዘላል፣ ሚስቱ ግን የልብስ ነጋዴ ይመስላታል። በዚህ ብቻ አሥር ዓመት አብረው ኖረዋል። ባለፈው ወር ቢሆን ውሸት ነው እል ነበር። ልክ ድልድዩ ላይ ሊይዙት ሲሉ አለቀና ሁለተኛውን ክፍል ካርቶኑ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። የገዛሽበት ሰውዬ ጋ ሄጄ እጠይቃለሁ። ቶሎ ጻፊልኝ።

ባለቤትሽ


ጥር 24

ሰላምታ አልጽፍልሽም።

የሰላዩን መጽሐፍ ይዤ ጥጉ ላይ ያገለገሉ መጻሕፍት ወደሚሸጠው ሰውዬ ሄድኩ። ገለጥ ገለጥ አደረገና «የመምህርቷ እርሳስ» ብሎ ሳቀ። ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ፤ ያላሰመሩበት መጽሐፍ የለም፤ ሲያርፉ ልጆቻቸው በጆንያ አምጥተው ሸጡለት። «ባለቤትህ ልትሄድ ሰሞን መጥታ ሰው የሚወዳቸውን ምረጥና አንድ ካርቶን ሙላልኝ አለችኝ፤ አንዱንም ሳትገልጥ አሸክማ ወሰደች» ሲለኝ ጆሮዬ ጭው አለ። እሱ ደግሞ ሁለተኛውን ክፍል አውጥቶ ያቀብለኛል።

ለካ ከጥቅምት ጀምሮ ይቅርታ ስለምን የከረምኩት የማላውቃቸውን መምህርት ነው። አንቺ ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምሮ ታውቂያለሽ። አንተ ምን ይመስልሃል እያልሽ፣ ሌላስ ምን አገኘህ እያልሽ እንደ ሕፃን አጫወትሽኝ። እኔ በማጉያ መስመር ስመረምር አንቺ ከባልደረባሽ ጋር እየተቀባበላችሁ ስትስቁ ይታየኛል። ለማንም ያልተናገርኩትን ነገር ጻፍኩልሽ። እሱንም አነበብሽላት?

ፈርሚ። ሁለት ዓመትም ይሁን ሃያ፣ ፈርሚ። አሥራ አራቱንም ሰዓት ዛሬ ወደ ቦታቸው መልሼ ሰቅያቸዋለሁ።


ጥር 26

ይድረስ ለፌንጣ እናት፣

ከትናንት ወዲያ የጻፍኩት ደብዳቤ ሲደርስሽ ሳትከፍቺ ጣዪው። ፖስታ ቤት ሄጄ እንዲመልሱልኝ ለምኜ ነበር። ከረጢቱ ሄዷል አሉኝ። መስኮቱ ላይ ያለችውን ሴትዮ አስመርሬአት ዘበኛ ልትጠራብኝ ምንም አልቀራትም።

ሰዓቶቹን አልሰቀልኳቸውም፤ እዚያ ላይ ዋሽቻለሁ። አንዱን ይዤ ሚስማሩ ድረስ ሄጄ መልሼዋለሁ።

ንዴቴ ግን ውሸት አይደለም። ለምንድን ነው ዝም ያልሽው? ይህን ብቻ መልሺልኝ። ፈርሚ ያልኩትም እኔ ነኝ፣ አትፈርሚ የምልሽም እኔው ነኝ።

ባለቤትሽ


የካቲት 13

ለፌንጣ አባት፣

ሁለቱም በአንድ ቀን ደረሱኝ፤ እንደ ዕድል ሆኖ መጀመሪያ የከፈትኩት ሰላምታ የሌለውን ነው። አንብቤ ስጨርስ ጠርሙሱን አንስቼ ቅጹን መሙላት ጀመርኩ። ስሜን ጻፍኩ፣ ሙያዬን ጻፍኩ፤ ፊርማው ጋ ስደርስ ምጥ መጣ ብለው ጠሩኝ። ሰባት ሰዓት ፈጀብን። መንታ ናቸው፣ እናታቸውም ደህና ናት። ሁለተኛው ፖስታ ያን ሁሉ ሰዓት ኪሴ ውስጥ ነበር፤ እጄን ታጥቤ የከፈትኩት ከዚያ በኋላ ነው።

መስመሮቹ የእኔ አይደሉም። መጽሐፎቹንም አላነበብኳቸውም፤ ሥራዬ መች ያስነብበኛል። ካርቶኑን የገዛሁት ስለ ሌላ ሰው ታሪክም ቢሆን የሚሰማህን አንድ ቀን እንዳውቅ ብዬ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤህ ሲደርሰኝ እኔ አላሰመርኩም ብዬ ጽፌ ነበር፤ ቀደድኩት። በትዳራችን አሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለምን ብለህ ጠይቀኸኝ አታውቅም፤ እውነቱን ከነገርኩህ ጥያቄውም በዚያው የሚያበቃ መሰለኝ። ከዚያ የሰዓቶቹ መጣ። ከዚያ የሱቁ ቀን መጣ። በቆየሁ ቁጥር መናገሩ እየከበደኝ ሄደ። በጥር መጀመሪያም ጽፌልህ ነበር፤ ፖስታውን ዘግቼው ሳልልከው ቀረሁ። አታልዬሃለሁ፤ ይቅርታ አድርግልኝ። ለባልደረባዬ ያነበብኩላት ግን ገዳዩን ያስያዘውን ሰዓት ብቻ ነው። ሌላውን ማንም አላየውም፤ አንድም ቀን አልሳቅሁብህም።

አሁን የእኔን ንዴት ደግሞ ስማኝ። ስለ ሰዓቶቹ በተጋባን በመጀመሪያው ዓመት በአፌ ነግሬሃለሁ። ፌንጣን ያረገዝኩ ጊዜ ነግሬሃለሁ። እያለቀስኩ ነግሬሃለሁ፤ ይለመዳል አልከኝ። ከእኔ አፍ አልገባ ያለህን የማታውቃቸው ሴት በእርሳስ ስላሰመሩበት በአንድ ቀን ገባህ። አሥራ አራቱንም አውርደህ ወሰድክ። ደስም አለኝ፣ አንገበገበኝም፤ በሞቱ መምህርት ቀናሁ።

ግን ደግሞ ያን ቀን ሱቅ መምጣቴን እሳቸው አያውቁም። ኮቴን አለማውለቄን እሳቸው አልነገሩህም። ያላየኸኝ መስሎኝ ነበር ሁለት ዓመት የኖርኩት፤ ቀና ሳትል አይተኸኛል። ይህን ካነበብኩ ጀምሮ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም።

አልፈረምኩም። አልቀደድኩትምም። የዐሥር ቀን ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ቅጹን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እመጣለሁ፣ የምወስነውም እዚያው ነው። ለፌንጣ ገና አትንገራት፤ ተስፋ አድርጋ እንዳትጎዳ። በሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት እገባለሁ። መልስ አትጻፍልኝ፤ አያገኘኝም። የምትጠይቀኝ ካለ እኔኑ ጠይቀኝ፤ እኔም የምነግርህ ብዙ ነው።

ሐሙስ ሱቅህን አትክፈት።

ያንተው